ውሃ የሚያስወጣ ሸክላ፦ ለቦንሳይ ዛፍ የሚሆን ማደሪያ

(የመግቢያ ሙዚቃ፦ የወሎ ክራር። ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ይሰማ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ዝቅ ይበል።)

ደሴ ላይ ጋቢ ደርባችሁ የምታዳምጡን፣ ኮምቦልቻ ላይ መስኮት ከፍታችሁ የምታዳምጡን፣ ሐይቅ፣ ኩታበር፣ ሐርቡና ባቲ ያላችሁ፣ ሁላችሁም ሰላማችሁ ይብዛ። ቡና ላይ ያላችሁም ከአቦል እስከ በረካ አብራችሁን ቆዩ።

የዛሬው ጉዳያችን ሸክላ ነው። ሸክላ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ጀበናው፣ ድስቱ፣ እንስራው ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ምንም ስለማይቀቀልበትና ምንም ስለማይቀዳበት ሸክላ ነው። ዛፍ ስለሚተከልበት። ያውም ትንሽ ዛፍ፣ ቦንሳይ ስለሚባለው።

ከመነሻው አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ቦንሳይ የሚቆመው ዝርግ በሆነ፣ ጥልቀቱ ከአራት ጣት ብዙም በማያልፍ ሸክላ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ሸክላ በእኛ አካባቢ አሳምሮ ሊሠራ የሚችል ማን ነው? ጀበና ሠሪዋ? እንስራ ሠሪዋ? ወይስ ሌላ? መልሱን በልባችሁ ያዙት፤ እንመለስበታለን።

(ሙዚቃ፦ አጭር መሸጋገሪያ።)

መጀመሪያ ስለ ዛፉ ጥቂት እንበል። ቦንሳይ ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ክንድ ብዙም የማያልፍ፣ ግንዱ ግን የጎለመሰ፣ ሲያዩት ዕድሜ የጠገበ የሚመስል ዛፍ ነው። ዘሩ የተለየ አይደለም። የድንክ ዛፍ ዘር ነው ብሎ የሚሸጥላችሁ ቢመጣ አትግዙ። ደጃችን ያለው ወይራ፣ ጥዱ፣ ዋርካው፣ ሥሩና ቅርንጫፉ በየጊዜው እየተገረዘ ጥልቀት በሌለው ሸክላ ውስጥ ሲያድግ ቦንሳይ ይሆናል። መልሳችሁ መሬት ላይ ብትተክሉት እንደገና ትልቅ ዛፍ ለመሆን ይነሳል።

ሙያው የተጀመረው ቻይና ነው። እ.ኤ.አ. በ706 በተሠራ የአንድ ቻይናዊ ልዑል መቃብር ግድግዳ ላይ ትንንሽ ዛፎች የቆሙበትን ዕቃ በእጃቸው ይዘው የሚሄዱ አገልጋዮች ተሥለዋል። ጃፓኖች ከቻይና ወስደው የራሳቸው አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1923 ቶኪዮን ያወደመው ርዕደ መሬት ከደረሰ በኋላ፣ ዛፍ አሳዳጊዎቹ ሰፊ ቦታና ንጹሕ አየር ፍለጋ ከከተማዋ ወጡ፤ በ1925 ኦሚያ ላይ የቦንሳይ መንደር መሠረቱ። መንደሩ ዛሬም አለ።

የዛፉ ማደሪያ ደግሞ የራሱ ከተማ አለው። ቶኮናሜ ይባላል። ከጃፓን ስድስት ጥንታዊ የሸክላ መንደሮች አንዱ ነው። ታዋቂ ያደረገው ቀይ ቡናማ ሸክላው ነው፤ አፈሩ ውስጥ ብረት ስላለ ሲተኮስ ይቀላል። ለጥድና ለመሰል ዛፎች የሚመርጡት እንዲህ ያለውን፣ ቀለም ያልተቀባና የሚያብረቀርቅ ልባስ የሌለውን ነው። ዓይን ዛፉ ላይ እንዲያርፍ።

እኛስ? የወሎ ደጋ በአብዛኛው በጥንት እሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከዚያ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈራችን ቅላቱን ያገኘው ከብረት ነው። ገበያ የምናየው ቀይ ሸክላ ከቶኮናሜው በአተኳኮስ ቢለይም በቀለም ይቀራረባል። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከውጭ የሚመጣ አፈር አያስፈልገንም።

(ድምፅ፦ ሸክላ በጣት ሲንኳኳ፤ ሦስት ጊዜ።)

አሁን ወደ ሸክላው እንምጣ። ለቦንሳይ የሚሆን ሸክላ ከማንኛውም የቤት ዕቃ የሚለየው በምንድን ነው?

በውሃው ነው። ሸክላ ሠሪ እናቶቻችን ከልጅነታቸው ጀምሮ የተማሩት ውሃ እንዳያፈስ ማድረግን ነው። እንስራው እንዳያዠ፣ ጀበናው እንዳያንጠባጥብ፣ ድስቱ ወጡን እንዳያጣ። የቦንሳይ ሸክላ ግን ውሃን ማስወጣት አለበት። ያውም ቶሎ። ውሃ የማያስወጣ ሸክላ ውስጥ የዛፉ ሥር አየር ያጣል፣ ይጠቁራል፣ ይበሰብሳል። ቅጠሉ ሲረግፍ ሰው ውሃ የጠማው ይመስለውና ይጨምርበታል። በዚያው ይሞታል።

ለምን ቶሎ? እስቲ ቤት ውስጥ ያለ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሰዱ። ውሃ አጥግባችሁ በጀርባው አስተኙት። ጥቂት ያንጠባጥብና ያቆማል። አሁን ሳትጨምቁ በጎኑ አቁሙት። ምን ይሆናል? እንደገና ማንጠባጠብ ይጀምራል! ስፖንጁ ያው ነው፣ ውሃውም ያው ነው፤ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው። አፈርም እንዲሁ ነው። ረጅም ማሰሮ ውስጥ ባለ አፈር ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። ዝርግ ሸክላ ላይ ያለ አፈር ግን ውሃውን ይዞ ይተኛል። ስለዚህ ሸክላው ጥልቀቱ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው መስፋት፣ አፈሩም ጠጠር መብዛት አለበት።

እደግመዋለሁ፤ ይህ የዛሬው ዋና ነገር ነው። ጥልቀት ሲያንስ ቀዳዳው ይስፋ፣ አፈሩም ጠጠር ይብዛው።

(ሙዚቃ፦ አጭር።)

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ማን ይሠራዋል አልን?

ምጣድ ሠሪዋ ናት።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ክብ የሆነ ዕቃ፣ ማሰሮም ይሁን ጀበና፣ ሲደርቅ ዙሪያውን እኩል ይሰበሰባል። ክብነቱ ራሱ ያግዘዋል። ዝርግ ሸክላ ግን ጠላቱ ብዙ ነው። ዳር ዳሩ ቀድሞ ይደርቃል፣ መሀሉ ይዘገያል። ዳሩ እየጠበበ መሀሉ እምቢ ሲል ይሰነጠቃል። ካልተሰነጠቀም ይጣመማል፤ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ይንገዳገዳል። የውጭ አገር ሸክላ ሠሪዎች ለቦንሳይ ሲሠሩ አብዝተው የሚያማርሩት ስለዚህ ነገር ነው።

እኛ ዘንድ ይህን ችግር ሲፈቱ የኖሩ ሴቶች አሉ። ምጣድ ማለት ስፋቱ ከግማሽ ሜትር የሚያልፍ፣ ውፍረቱ የጣት ያህል የሆነ ዝርግ ሸክላ ነው። ያ ሳይሰነጠቅ ደርቆ፣ ሳይጣመም ተተኩሶ፣ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እሳት ላይ እየወጣ ዓመታት ያገለግላል። አንድ ቦንሳይ የሚቆምበት ሸክላ ብዙ ጊዜ ከምጣድ በግማሽ ያንሳል።

ምጣድ ሠሪዋ ስትሠራ ቆም ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጭቃውን ታወርድና በመዳፏ እየጠፈጠፈች ከመሀል ወደ ዳር ትገፋዋለች። ወንበር ላይ አትቀመጥም፤ ራሷ ትዞረዋለች። እጇ በየጊዜው ውሃ ይነካል። ዳሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛ እየዳበሰች ስትዞር ውፍረቱን በዓይኗ አትለካም፤ ጣቷ ያውቀዋል። ከፍ ያለ ቦታ ሲያጋጥማት ጣቷ ይቆማል፣ ያንን ትደፈጥጣለች፣ ትቀጥላለች። ቀን ቆይቶ ጠንከር ሲል ፊቱን በለስላሳ የወንዝ ድንጋይ ታሸዋለች። የሚያምረው ያ ወለል የሚመጣው ከቀለም አይደለም፣ ከዚያ ድንጋይ ነው።

ያንን ምጣድ ዳሩን አራት ጣት አቁሙት፣ መሀሉን ብሱት፣ ከታች እግር አብጁለት። ቦንሳይ ሸክላ ማለት ይኸው ነው።

(ድምፅ፦ ጭቃ በመዳፍ ሲጠፈጠፍ።)

እሺ፣ አሁን እንሥራ። ጭቃ የነካችሁ ትስማማላችሁ፤ ያልነካችሁም አብራችሁን ተማሩ።

አፈሩን በምን እንመርጣለን? መረሬው፣ ያ በበጋ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈር፣ ለብቻው አይሆንም። ውሃ ሲጠጣ በጣም ያብጣል፣ ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል። ቀዩ የሸክላ አፈር ይሻላል። ደርቆ ይወቀጥ፣ በወንፊት ይነፋ፣ ውሃ ውስጥ ጥቂት ቀናት ይዘፈዘፍ። ከዚያ በጣታችሁ እርሳስ አሳክላችሁ አድቦልቡሉትና አውራ ጣታችሁ ላይ ጠቅልሉት። ሳይሰነጠቅ ከተጠቀለለ ይሆናችኋል።

ከዚያ ገል ያስፈልጋል። የተሰበረውን ድስት ወይም ጀበና አትጣሉ። ወቅጣችሁ እንደ ሸካራ አሸዋ አድርጉትና ከአራት እጅ አንዱን ያህል ከጭቃው ጋር አብኩት። ገሉ አንዴ እሳት የበላ ስለሆነ ከዚህ በኋላ አይኮማተርም። ጭቃው ሲደርቅ ገሉ መሀል መሀሉን ይዞ ያቆመዋል፤ እንፋሎቱም መውጫ መንገድ ያገኛል። ሸክላ ሠሪዎቻችን ይህን ዘመን ያስቆጠረ ዘዴ አሳምረው ያውቃሉ፤ ለዝርግ ሸክላ ደግሞ ያለ ገል መሞከር ድካም ነው።

አሁን አንድ ትንሽ ሙከራ። ከተቦካው ጭቃ ላይ የመዳፍ ያህል ቁራጭ ጠፍጥፉ። ላዩ ላይ በቢላዋ ጫፍ ልክ 10 ሳንቲ ሜትር መስመር አስምሩ። ይድረቅ፣ ይተኮስ። ከዚያ መስመሩን መልሳችሁ ለኩት። 9 ሳንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ምን ማለት ነው? ጭቃችሁ ከአሥር አንዱን ያጣል ማለት ነው። ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሸክላ ከፈለጋችሁ ጭቃውን ከ33 ጥቂት አሳልፋችሁ ጀምሩ። የእያንዳንዱ ቦታ አፈር ልዩ ነው፤ የኩታበሩ ጭቃ የሚያጣው የቃሉ ወረዳ ጭቃ ከሚያጣው ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። መስመሯ ግን አትዋሽም።

ልኩንስ ማን ይወስናል? ዛፉ ነው። አሳዳጊዎቹ የሚከተሉት ልማድ አለ፤ የሸክላው ርዝመት የዛፉን ቁመት ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሁን፣ ጥልቀቱ ደግሞ ግንዱ ከሥሩ ላይ ያለውን ውፍረት ያህል። በምሳሌ እንየው። 45 ሳንቲ ሜትር የቆመ ወይራ አላችሁ፤ ግንዱ ታች ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ወፍሯል። ሸክላው 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኖረዋል። ኮምቦልቻ ላይ ግን እኔ ከ7 በታች አልወርድም። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት 5 ሳንቲ ሜትር አፈር ከረፋድ እስከ ቀትር ይደርቃል። ልማዱ የጃፓን ነው፣ ፀሐዩ የቃሉ ነው።

ቀዳዳው ትልቅ ይሁን ብለናል። ለ30 ሳንቲ ሜትር ሸክላ አውራ ጣት የሚያሳልፉ ሁለት ቀዳዳዎች ያንሱ እንደሆን እንጂ አይበዙም። ከእነሱ ሌላ ሽቦ የሚያልፍባቸው አራት ቀጫጭን ቀዳዳዎች አድርጉ። ለምን? ዛፉ አዲስ ሲተከል ሥሩ ተቆርጧል፤ የሚይዘው የለም። ንፋስ ሲያወዛውዘው አዲሱ ለጋ ሥር ይበጠሳል። በሽቦ ከሸክላው ጋር ታስሮ ከቆመ ግን ይይዛል። የቦርከናን ሸለቆ ተከትሎ ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ንፋስ የሚያውቅ ሰው ይህን አይንቅም።

እግሩንም አትርሱ። ከታች በአራቱም በኩል አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ የሚያደርጉት እግሮች ከሌሉት፣ ሸክላው ወለል ላይ ልጥፍ ብሎ ይቀመጥና ቀዳዳው ይደፈናል። ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል።

አፉም ከሆዱ እንዳይጠብ ተጠንቀቁ። እንስራ አንገቱ ጠበብ ሲል ያምራል። የቦንሳይ ሸክላ ግን ከወለሉ ወደ አፉ እየሰፋ መውጣት አለበት፤ ምክንያቱም በየሁለት፣ በየሦስት ዓመቱ ዛፉ ከነአፈሩ ወጥቶ ሥሩ ይገረዛል። አፉ ከጠበበ አንድ መንገድ ብቻ ይቀራችኋል፤ ሸክላውን መስበር።

(ሙዚቃ፦ መሸጋገሪያ፤ ለአሥር ሰከንድ።)

እንደምን ናችሁ፣ አላችሁ? እስካሁን ያልነውን ባጭሩ ላስታውስ። አፈሩ ቀይ፣ ገል የገባበት። ልኩ ከዛፉ። ቀዳዳው ሰፊ፣ እግር ያለው፣ አፉ የሰፋ። አሁን ማድረቅና መተኮስ ነው፤ ሸክላ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና ሰዓት አይሞላም። የሐረጎን ተራራ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ግን ሌላ አገር ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 ብዙም አታልፍም። ለሸክላ ይህ ልዩነት ምን ያደርጋል?

ኮምቦልቻ ላይ ጠላታችሁ ፍጥነት ነው። ንፋሱና ሙቀቱ ዳሩን በአንድ ከሰዓት ያደርቀዋል። ስለዚህ የሸክላውን ከንፈር በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት፣ መሀሉን ክፍት ተዉት። ጥላ ውስጥ ይሁን፤ ፀሐይ አይንካው። ደሴ ላይ ደግሞ ጠላታችሁ እርጥበት ነው። በሐምሌና በነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል ሸክላ አይደርቅም፤ የደረቀ ይመስላል እንጂ። ወሎ በልግም አላት፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሰማዩ አይታመንም። የሚሻለው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ሌሊት ውጭ አታሳድሩት፤ ውርጭ ከመታው በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ይሰነጥቀዋል።

ሁለቱም ጋ የሚሠራ አንድ ነገር፦ መሬት ላይ አታስተኙት። ከሥሩ ጭራሮ ወይም ገለባ አድርጉለት፤ አየር ከታችም ይግባ።

ደርቋል ወይ? እንዴት ታውቃላችሁ? ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት። ቀዝቀዝ ካላችሁ ውስጡ ውሃ አለ። ቀዝቃዛ ካልሆነ ደርቋል።

ለምን እንዲህ እንጠነቀቃለን? ውሃ 100 ዲግሪ ገደማ ላይ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ከውሃ እጅግ የሰፋ ቦታ ይፈልጋል። መውጫ ካላገኘ ሸክላውን አፈንድቶ ይወጣል። እሳት ውስጥ ጧ የሚለው ድምፅ ሸክላ ሠሪን የሚያስደነግጣት ለዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሸክላውን በእሳቱ ዙሪያ ደፍታችሁ አሙቁት፤ እጅ የማያስነካ እስኪሆን። ከዚያ ነው ኩበቱና እንጨቱ የሚደረደርበት።

እሳቱ 600 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ሸክላው ከአፈር ጋር ይለያያል፤ ከዚህ በኋላ ውሃ ቢነካው ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። በኩበትና በእንጨት ሜዳ ላይ የሚነደው እሳታችን አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 850 ዲግሪ ይደርሳል። የጃፓኖቹ እቶን ግን ከ1,100 በላይ ይወጣል። የእኛ ውሃ ይጠጣል፣ የእነሱ አይጠጣም ለማለት ይቻላል። ይህ ጉዳት ነው ወይስ ጥቅም?

ሁለቱም ነው። ውሃ የሚጠጣ ሸክላ ለሥር አየር ይሰጣል፣ በሙቀትም ያቀዘቅዘዋል። ለጀማሪ ዛፍ አሳዳጊ እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ ውሃ አብዝቶ የማጠጣት ልማዳችንን ይታገስልናል። ጉዳቱ ቶሎ መሰበሩ ነው፤ ላዩም ከጊዜ በኋላ በውሃው ጨው ምክንያት ነጭ ነጭ ያወጣል። ደሴ ላይ ውርጭ ባለበት ሌሊት ውሃ እንደጠገበ ውጭ ካደረ ላዩ ይቀረፋል፤ በረንዳ ሥር አስገቡት።

እሳቱ ሲጠፋ አትቸኩሉ። አመዱ እንደሸፈነው ይደር። ትኩሱን አውጥታችሁ ቀዝቃዛ ንፋስ ካስመታችሁት እሳቱ ያልሰነጠቀውን ንፋሱ ይሰነጥቀዋል። ነገ ስታወጡት በጣታችሁ አንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ካሰማ ደህና ነው። ደነዝ ካለ በዓይን ያልታየ ስንጥቅ አለው። ደሴ ሰኞ ገበያ ምጣድ የሚገዙ እናቶች ሳያንኳኩ አይከፍሉም፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

(ድምፅ፦ ደህና ሸክላ ሲንኳኳ፤ ቀጥሎ የተሰነጠቀ ሸክላ ሲንኳኳ።)

ሰማችሁት ልዩነቱን?

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በተለይ ለእናቶች። አዲስ ምጣድ፣ አዲስ ጀበና ቤት ሲገባ ምን እናደርጋለን? እናሟሻለን። በጎመን ዘር ወይም በሌላ ቅባት እሳት ላይ እናሻዋለን፤ የገላው ጥቃቅን ቀዳዳ እንዲደፈን። የቦንሳይ ሸክላ አይሟሽም! ቅባት አይንካው። ይልቁንም ከመትከላችሁ በፊት ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ ካልሆነ የመጀመሪያውን ውሃ ከዛፉ ሥር ይቀማል።

ዛፉስ? ደሴ ላይ ወይራና ጥድ፣ ኮምቦልቻ ላይ ዋርካና ግራር ልጀምር ለሚል ይስማማሉ። ወይራ ሲገረዝ ቶሎ ያቆጠቁጣል፣ ቅጠሉም ትንሽ ነው፤ እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ እሱን እላለሁ። ነገር ግን አደራ! የጎፍ ደን ገብታችሁ ዛፍ አትንቀሉ። ያ ደን ለሁለቱም ከተማ ዝናብ የሚይዝ፣ አፈር የሚያቆም ነው፤ ከዚያ የተነቀለ ዛፍም ብዙ ጊዜ አይጸድቅም። ችግኝ ጣቢያ ሂዱ፣ አንድ ችግኝ ግዙ። ግንዱ እስኪወፍር ጥቂት ዓመት መሬት ላይ ወይም ትልቅ ዕቃ ውስጥ አሳድጉት። ዝርግ ሸክላው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አፈሩ ላይ ጠጠር ይብዛ ብለናል። ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ካገኛችሁ ግሩም ነው። ካጣችሁስ? ገል! ሽምብራ አሳክላችሁ የሰበራችሁት ገል ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ውሃ ያሳልፋል፣ እርጥበትም ይይዛል። ቀዳዳው ላይ ደግሞ ቁራጭ የወንፊት ሽቦ አድርጉ፤ አፈሩ እንዳያልፍ፣ ውሃው እንዲያልፍ።

(ሙዚቃ፦ ዝቅ ብሎ ይግባና ይቁም።)

ከመለያየታችን በፊት ስለ ሠሪዋ መናገር አለብኝ። ይህን ሁሉ የምታውቀው ሴት በብዙ ቦታ ስትናቅ ኖራለች። ሸክላዋን ገዝተው እንጀራ ይጋግሩበታል፣ ልጇን ግን ለልጃቸው አያጩም። ቡዳ ይሏታል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ሠራተኛን እንዲህ እያሉ መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ዛሬም በየመንደሩ ይሰማል። ይህ ሊቆም የሚገባው ነውር ነው፤ ሸክላዋን የምንፈልግ ሁሉ ይህን በግልጽ መናገር አለብን።

ጃፓን ውስጥ የቦንሳይ ሸክላ ሠሪ ሥራውን ገልብጦ ከታች ማኅተሙን ያትምበታል። ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ያንን ነው፤ ዋጋውም ከማኅተሙ ጋር ይወጣል። የእኛዋም ጭቃው ሳይደርቅ ከታች ምልክቷን ብታኖር ምን ይከለክላታል? ፊደል ባትጽፍ፣ የራሷ የሆነ አንድ ቅርጽ ይበቃል። አዲስ አበባ ቀጨኔ ያሉ እናቶች ሸክላቸው በየቤቱ ይታወቃል፤ የወሎዋም ልትታወቅ ይገባታል።

ማዘዝ ለምትፈልጉ ምክሬ ይህ ነው። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ካርቶን ቆርጣችሁ የሸክላውን ልክ አሳዩአት፤ ቀዳዳውንም ሥላችሁበት። «እትዬ፣ ምጣድ ነው የምፈልገው፤ ዳሩ አራት ጣት የቆመ፣ መሀሉ የተበሳ» በሏት። መሀሉ የተበሳ ስትሉ ትገረም ይሆናል፤ ምክንያቱን ንገሯት። ዋጋውን ደግሞ በምጣድ ዋጋ አትከራከሩ። ዳር ማቆም፣ እግር ማበጀት፣ ቀዳዳ ማጽዳት ሌላ ሥራ ነው፤ ሊሰበር የሚችለውም እሷ ጋ ነው።

ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህራንና ተማሪዎችም አንድ ጥያቄ አለኝ። ከእነዚህ እናቶች ጋር ተቀምጣችሁ፣ ማገዶ የሚቆጥብና ከሜዳው እሳት ከፍ ያለ ሙቀት የሚሰጥ ትንሽ እቶን ብትሠሩ አይቻልም ወይ? ጡቡ አገር ውስጥ አለ፤ ዕውቀቱም እናንተ ጋ አለ። እሳቱን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ግን አታገኙም፤ ጠይቃችሁ ጀምሩ።

ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ካላችሁበት አካባቢ አንድ ጭብጥ የሸክላ አፈር አምጡ፣ አቡኩ፣ ጠፍጥፉ፣ 10 ሳንቲ ሜትር መስመር አስምሩበት። እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ አቆዩት። ሲደርቅ ለኩትና ስንት እንደሆነ፣ አፈሩንም ከየት እንዳመጣችሁት ጻፉልን፤ ወይም ደውሉልን። ከደሴ ዙሪያ፣ ከተሁለደሬ፣ ከቃሉ፣ ከኩታበር የመጣውን ልክ በሚቀጥለው ሳምንት እዚሁ እናነባለን፤ የማን አፈር ብዙ እንደሚያጣ፣ ገልም ምን ያህል እንደሚፈልግ አንድ በአንድ እንነጋገራለን። ሸክላ ሠሪ የሆናችሁ እናቶች በተለይ ደውሉ፤ የምትጠቀሙበትን የአፈር ቅልቅል ከእናንተ መስማት እንፈልጋለን። ሰላም ሰንብቱ!

(የመዝጊያ ሙዚቃ፦ የወሎ ክራር፤ ከፍ ብሎ ይጀምር።)